ሸጎሌ የሰው ስም ነው

አዲስ አበባ ውስጥ «ሸጎሌ! ሸጎሌ! ሁለት ሰው!» እያለ የሚጣራ የታክሲ ረዳት ያልሰማ ሰው ያለ አይመስለኝም። ሸጎሌ ሰፈር ነው፤ ታክሲ መሳፈሪያ ነው፤ የአውቶቡስ ዴፖ ነው። አብዛኛው ተሳፋሪ የማያውቀው ግን ሸጎሌ የሰው ስም መሆኑን ነው። የአሶሳው ገዥ ሼክ ኾጀሌ አልሐሰን በዚያ ግድም መኖሪያ ስለነበራቸው ሰፈሩ በስማቸው ተጠራ። የአዲስ አበባ ሰው አፍ ደግሞ «ሼክ ኾጀሌ»ን እያላመጠ፣ እያላመጠ ሸጎሌ አደረገው።

እኚህን ሰው በጽሑፍ ለማግኘት የሞከረ አንባቢ ያለበትን ጣጣ ያውቃል። አንዱ ኾጀሌ ይላቸዋል፤ ሌላው ሆጀሌ፤ ሦስተኛው ኦጀሌ፤ አራተኛው ሆጄሌ። «ሼክ» የሚለው «ሼህ» እና «ሸኽ» ከሚለው ጋር ይፈራረቃል። የአባታቸው ስም አንድ ቦታ «አልሐሰን»፣ ሌላ ቦታ «አል ሀሰን»፣ ሌላ ቦታ ደግሞ «ሐሰን» ብቻ ነው። የእንግሊዝኛውንና የዐረብኛውን አጻጻፍ ልተወው። እኔና እናንተ ትንሽ አስበን «አንድ ሰው ናቸው» እንላለን። እነዚህን ሁሉ ስሞች ለአንድ ኮምፒውተር ሰጥተን «ድግግሞሹን አጥፋልኝ» ብንለው ግን አንዱንም አይነካም። እሱ የሚያየው አሥር የተለያዩ ሼኮችን ነው። ሸጎሌንማ ከናካቴው ከሰው አይቆጥረውም።

ዛሬ ላወራችሁ ያሰብኩት ስለዚህ ጉዳይ ነው፤ አንድን ሰው ሁለቴ ስለመጻፍና ሁለት ሰዎችን አንድ ስለማድረግ። ነገሩ የኮምፒውተር ባለሙያዎች ጨዋታ ይመስላል፤ አይደለም። የእህል፣ የመሬት፣ የድምፅና የመታወቂያ ጉዳይ ነው። እንደ አሶሳ ይህን ነገር ቁልጭ አድርጎ የሚያሳይ አገር ደግሞ ብዙ የለም።

ራስ መኮንን በ1890 ዓ.ም. ወደ ቤኒሻንጉል ዘምተው የአካባቢውን ሼኮች ካስገበሩ በኋላ አገሩ በአጤ ምኒልክ መዝገብ ገባ። አገሩ በወርቅ የታወቀ ነበርና ግብሩም ወርቅ ነበር። በባሪያም ይነገድ ነበር፤ ይህን ሸፋፍኖ ማለፍ ደግ አይደለም። ከዚያ በ1894 ዓ.ም. በእንግሊዝና በኢትዮጵያ መካከል የተፈረመው የድንበር ውል ከላይ እስከ ታች መስመር አሰመረ። መስመሩ የበርታን ሕዝብ ከሁለት ከፍሎ አለፈ። ዛሬ ኩርሙክ የሚባል ከተማ በሱዳን አለ፤ ኩርሙክ የሚባል ወረዳ በአሶሳ ዞን አለ። ስማቸው አንድ ነው፤ ቦታቸው ሁለት። ሸጎሌና ኾጀሌ አንድ ሆነው ሳለ ሁለት ይመስላሉ፤ ሁለቱ ኩርሙኮች ሁለት ሆነው ሳለ አንድ ይመስላሉ። የዛሬው ጨዋታችን በሙሉ በእነዚህ በሁለቱ ስህተቶች መካከል ነው።

የአገሩ ስም ራሱ ከዚህ አላመለጠም። ቤኒሻንጉል የሚል አለ፤ ቤንሻንጉል የሚል አለ። ጣሊያናዊው የታሪክ ተመራማሪ አሌሳንድሮ ትሪዩልዚ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው መጽሐፉ «ቤላ ሻንጉል» ይለዋል። ሕዝቡም በየዘመኑ ጽሑፍ አንዴ በርታ፣ አንዴ ቤኒሻንጉል፣ አንዴ ጀበላዊ ተብሏል። አስተዳደሩን ካያችሁ፣ አሶሳ በንጉሡ ዘመን በወለጋ ሥር ነበረች፤ መተከል በጎጃም። በ1980 ዓ.ም. ደርግ አገሪቱን እንደገና ሲከፋፍል አሶሳም መተከልም ራሳቸውን የቻሉ አስተዳደር አካባቢዎች ሆኑ። በሽግግሩ ዘመን ሁለቱም ክልል 6 ተባሉ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት መጣና ሁለቱን ስሞች በእዝባር አገናኝቶ አሁን የምናውቀውን ክልል ሰየመ። እንግዲህ አንድ የአሶሳ አዛውንት ከመንደራቸው ሳይነቃነቁ በአራት የተለያዩ አድራሻዎች ተመዝግበው ሊገኙ ይችላሉ ማለት ነው። የተለዋወጠው አድራሻ እንጂ ሰውየው አይደሉም።

ቁጥሩስ ብትሉ፣ ቁጥሩም እንደዚያው ነው። በ1999ኙ የሕዝብና ቤት ቆጠራ የክልሉ ሕዝብ ስንት ነበር? ቀድሞ የወጣው ማጠቃለያ ሪፖርት 670,847 ይላል። በኋላ የወጣው ዝርዝር ሪፖርት 784,345 ይላል። በመካከላቸው ከ113 ሺሕ በላይ ሰው አለ። ቆጠራው አንድ ነው፤ ዓመቱ አንድ ነው፤ ክልሉ አንድ ነው። ሁለቱም ቁጥሮች ዛሬም በየጥናቱና በየዕቅዱ ውስጥ ይዞራሉ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የሚባለው ይኸው ነው። ቀጣዩ ቆጠራ ደግሞ በተደጋጋሚ ስለተራዘመ ሁለቱንም የሚያሳርፍ ሦስተኛ ቁጥር አላገኘንም።

ወደ ሰው ስም እንመለስ። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። የራስ ስም፣ የአባት ስም፣ ሲበዛ የአያት ስም ነው ያለን። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ይህን ለመለወጥ ሞክሮ ነበር። በአንቀጽ 32 እያንዳንዱ ሰው የቤተሰብ ስም እንዲኖረው ደነገገ። ስለ ክብር መዝገብም በዝርዝር ጻፈ። ግን ያው ሕግ መጨረሻው ላይ የክብር መዝገቡ ክፍል ሌላ ትእዛዝ በነጋሪት ጋዜጣ እስኪወጣ ድረስ ሥራ ላይ እንዳይውል አገደው። ትእዛዙ ሳይወጣ ንጉሡም ወረዱ፤ ደርግም ሄደ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760 የወጣው በ2004 ዓ.ም. ነው፤ ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው ደግሞ በ2008 መጨረሻ። ከሃምሳ ዓመት በላይ አለፈ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በኢትዮጵያ ከ5 ዓመት በታች ከሆኑ ልጆች ልደታቸው የተመዘገበው ከመቶ 3 ያህሉ ብቻ ነበሩ። ሌላው ሰው «መቼ ተወለድክ?» ሲባል «በዚያ ድርቅ ጊዜ» ነው የሚለው። ጸሐፊው ደግሞ ሣጥኑን ባዶ መተው ስለማይችል የፈረንጅ ጥር 1ን ወይም መስከረም 1ን ይሞላበታል። ስንቱ ሰው በአንድ ቀን ተወለደ መሰላችሁ!

በዚህ ላይ ፊደላችን አለ። ሀ፣ ሐ፣ ኀ ለጆሯችን አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን ሦስት የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው። አሶሳ ውስጥ በጣም የተለመደ ስም ወስደን እናስላ፤ መሐመድ አሕመድ ሐሰን። «መሐመድ»ን በመ፣ በሙ ወይም በማ መጀመር ይቻላል፤ ቀጥሎ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ አሉ፤ 18 ዓይነት። «አሕመድ» በአራቱ አዎችና በሦስቱ ህዎች 12 ዓይነት ይሆናል። «ሐሰን» በስድስቱ ሀዎችና በሁለቱ ሰዎች ሌላ 12። ሲባዛ 2,592 ይመጣል! ሁሉም በአንድ አፍ የሚጠሩ፣ አንድ ሰው የሚያቆሙ ናቸው። ቪዥዋል ግዕዝና ፓወር ግዕዝ በነገሡበት ዘመን በየቢሮው የተጻፈውን ፋይል ብንጨምርበትማ አንዱ ሶፍትዌር የጻፈውን ሌላው ማንበብ እንኳ አይችልም ነበር።

ስሙ እንዲህ ሆኖ ሳለ አሶሳ ላይ ዝርዝር በዝርዝር ላይ ተደራረበ። በ1977 ዓ.ም. ደርግ የድርቁን ተጎጂ ወደ ምዕራብ ማስፈር ሲጀምር ብዙ ሺሕ የወሎ ሰው አሶሳ ወረደ። በአገር አቀፍ ደረጃ የሰፈረው ወደ 600 ሺሕ ይጠጋል። መንደሮቹ በቁጥር ተሰየሙ፤ አሶሳ ዙሪያ አምባ 14ን የመሳሰሉት ስሞች እስከ ዛሬ አሉ። በመተከል በኩል ያለው ፓዌም መንደሮቹን በቁጥር ነው የሚጠራው። ከወሎ የመጣው ሰፋሪ ብዙው ሙስሊም ነውና መሐመድም አሕመድም ሰይድም የእሱም ስም ነው። እነሆ የበርታው መሐመድ አሕመድና የወሎው መሐመድ አሕመድ በአንድ ወረዳ ጎረቤት ሆኑ።

ከዚያ ስደተኛው መጣ። የሸርቆሌ የስደተኞች ካምፕ እ.ኤ.አ. በ1997 ተከፈተ። ባምባሲና ፆሬ ተከተሉ። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ በኩርሙክ በኩል እንደገና ሰው ጎረፈ። ከመጡት ውስጥ ቋንቋው በርታ የሆነ፣ ስሙም ከአሶሳው ሰው ስም የማይለይ አለ። በ1894 የተሰመረው መስመር ነው ስደተኛና ባለአገር ያደረጋቸው።

አሁን ስለ ማሽኑ ትንሽ ላውራ። ተመሳሳይ መዝገቦችን አገናኝቶ ድግግሞሹን የመለየት ሥራ ከኮምፒውተር በፊት የነበረ ነው። ራስል የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1918 ስምን በፊደሉ ሳይሆን በድምፁ የሚያመሳክር ዘዴ አስመዘገበ፤ ሳውንዴክስ ይሉታል። በ1930ዎቹ የአሜሪካ መንግሥት የጡረታ ሕግ ሲያወጣ የልደት ማስረጃ የሌላቸው ሽማግሌዎች በዙ። ስለዚህ የ1880ን የሕዝብ ቆጠራ መዝገብ አውጥቶ፣ ዕድሜያቸው 10 ዓመትና ከዚያ በታች የሆኑ ልጆች ያሉባቸውን ቤቶች በዚሁ ዘዴ አደራጀ። ያኔ ልጅ የነበረው አሁን ጡረተኛ ነውና! መዝገብ ማገናኘት ሰውን ለማስወጣት ሳይሆን ዳቦውን ለማግኘት ያገለገለበት ጊዜ እንደነበር ልብ በሉ።

የሥራውን ሂሳብ በደንብ ያስቀመጡት ደግሞ ፌሌጊና ሰንተር የተባሉ የካናዳ ስታቲስቲክስ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ1969 ናቸው። ሁለት መዝገብ ስታነጻጽሩ ውጤቱን በሦስት ክምር መድቡ አሉ፤ «አንድ ናቸው»፣ «የተለያዩ ናቸው» እና «አጠራጣሪ ናቸው»። ሦስተኛው ክምር ለሰው ይሰጥ፤ ሰው አይቶ ይወስን። ለእኔ ከሂሳቡ ሁሉ የሚበልጠው ይህች ሦስተኛዋ ክምር ናት። የቁጥር ሊቃውንት ሆነው ሳለ ቁጥር የማይፈታው ነገር እንዳለ አምነው ቦታ ተዉለት።

እኛ ጋ የጠፋችውም እሷው ናት። አሠራሩን ታውቁታላችሁ። ቀበሌው በወረቀት ይጽፋል፤ ወረዳው ኤክሴል ላይ ይገለብጣል፤ ክልሉ ከየወረዳው የመጣውን ይደርባል። መሐል ላይ ኔትወርክ ይቋረጥና ጸሐፊው «ደርሶ ይሆን?» ብሎ ድጋሚ ይልካል፤ አንድ መንደር ሁለቴ ይገባል። ልብ በሉ፣ ድግግሞሽ ሲገኝ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ገበሬው ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚወልደው ግን ኔትወርኩ ነው። ከዚያ አንዱ ባለሙያ አንዲት ቁልፍ ይጫናል። ከ2007ቱ እ.ኤ.አ. ኤክሴል ጀምሮ ያለች ቁልፍ ናት፤ የመጀመሪያውን መስመር ታስቀርና ሌላውን ትደመስሳለች። ስንት እንደጣለች ትናገራለች፤ ማንን እንደጣለች አትናገርም። ዘመናዊ ነን ባዮቹ ደግሞ ይህንኑ ሌሊት ሌሊት በራሱ የሚሠራ ፕሮግራም ያደርጉታል። የ2,592ቱ አጻጻፍ ነገር ሲያስቸግራቸው «ስሙ ከተቀራረበ፣ ዕድሜውና ቀበሌው ከገጠመ አንድ ነው በል» ብለው ያላሉለታል። ሁለቱ መሐመድ አሕመዶች አንድ የሚሆኑት ያኔ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አሶሳ ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት ደጃፍ ወረፋ ይዤ ያየሁትን ላጫውታችሁ። ጉዳዩ የማዳበሪያ ዝርዝር ነበር። አንድ አዛውንት ተራቸው ደረሰና ቀረቡ። ስማቸውን ለውጬዋለሁ።

«አባባ፣ እርስዎ እኮ ወስደዋል» አለቻቸው ጸሐፊዋ።

«እኔ? ልጄ፣ እኔ ገና ዛሬ መምጣቴ ነው።»

«መሐመድ አሕመድ ሐሰን አይደሉም?»

«ነኝ እንጂ።»

«ወስደዋል ይላል።»

«ማን ነው እንዲህ የሚል?»

«ኮምፒውተሩ።»

አዛውንቱ ዝም ብለው ቆዩና «እስቲ ጠይቂልኝ፣ የት አየኝ?» አሉ። ወረፋው ሁሉ ሳቀ። ጸሐፊዋም ሳቀች። ግን ማዳበሪያው አልመጣም።

ነገሩን የፈታው ከኋላ የቆመ ጎልማሳ ነው። «እሱኮ የወሎው ነው፤ የእኛ ጎረቤት። እሳቸው የበርታው ናቸው። ሁለቱንም አውቃቸዋለሁ» አለ። ጸሐፊዋ ቅን ልጅ ነበረች፤ ለመጨመር ሞከረች። ፕሮግራሙ እንቢ አላት፤ «ይህ ሰው ተመዝግቧል» ይላል። ድሮ የተጻፉትን ሁለቱን መስመሮች ለማየት ፈለገች፤ አንዱ የለም፤ ተደምስሷል። አዛውንቱ በሳምንቱ እንዲመለሱ ተነገራቸው። ሳምንት ለማዳበሪያ ምን ማለት እንደሆነ ገበሬ ያውቃል።

ይህን ካየሁ ወዲህ ሁለቱን ስህተቶች እኩል ማየት አቃተኝ። አንድ ሰው ሁለቴ ተመዝግቦ ሁለቴ ቢወስድ ጉዳቱ ለሕዝብ ነው፤ ይካፈላል፤ ኦዲተር ይደርስበታል፤ ጋዜጣም ይጽፍበታል። ሁለት ሰዎች አንድ ሲደረጉ ግን ጉዳቱ የአንድ ሰው ነው፤ እንዲያውም ሪፖርቱ ላይ እንደ ውጤት ይጻፋል፤ «ይህን ያህል ድግግሞሽ ተወገደ» ተብሎ። አለቃው ይደሰታል። የተወገደው ሰው ደግሞ ሪፖርት አይጽፍም።

የመጀመሪያውን ስህተት ማቃለሌ እንዳይመስላችሁ። በቀበሌ ሱቅ ዘመን ያልተወለደ ልጅ አስመዝግቦ ስኳር የሚቀበል እንደነበር የምናስታውስ አለን። በ2015 ዓ.ም. ሰኔ ላይ የአሜሪካ ተራድኦ ድርጅትና የዓለም የምግብ ፕሮግራም የርዳታ እህል ያለቦታው እየዋለ ነው ብለው፣ ከትግራይ ጀምረው በመላ ኢትዮጵያ የምግብ ርዳታ አቋረጡ። በካምፕ ያለው ስደተኛም አብሮ ተቋረጠበት። ለስደተኛው የተመለሰው በ2016 መስከረም መጨረሻ ነው። ጉዳዩ የድርብ ምዝገባ ብቻ አልነበረም፤ የተቀባዮች ምዝገባ በዲጂታል እንዲጠናከር መደረጉ ግን ከመፍትሔዎቹ አንዱ ሆነ። ዝርዝር እምነት ሲያጣ የሚራበው ዝርዝሩን ያበላሸው ሰው አለመሆኑን ያን ክረምት አይተናል። ስለዚህ ማጽዳቱ ግድ ነው። ጥያቄው በምን ዓይነት መጥረጊያ ነው የሚለው ነው።

አሁን ፋይዳ መጥቷል። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተቋቋመው ዲጂታል መታወቂያ ከስም ጋር አይከራከርም፤ የአሥሩን ጣት አሻራ፣ የሁለቱን ዓይን ብሌን፣ የፊትን ፎቶ ወስዶ ከተመዘገበው ሁሉ ጋር ያመሳክራል። ሕንዶች እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምረው በአድሃር ከቢሊዮን በላይ ሰው የመዘገቡት በዚሁ ዓይነት መንገድ ነው። የእኛዎቹ ሁለት መሐመድ አሕመዶች በጣታቸው ይለያሉ፤ ትልቅ ነገር ነው። «ፋይዳ» የሚለው ቃል ከዐረብኛ የመጣ ስለሆነ የአሶሳ ሽማግሌ ትርጉሙን ከእኛ ሳይቀድም አይቀርም።

ነገር ግን ጣትም ይለሰልሳል። ዕድሜውን ሙሉ ድንጋይ ሲፈልጥ፣ አፈር ሲቆፍር፣ ወንዝ ውስጥ ወርቅ ሲያጥብ የኖረ ሰው አሻራው ደብዝዞ ማሽኑ «አላውቅህም» ሊለው ይችላል፤ ሕንድም የገጠማት ይኸው ነው። ደግሞም የድሮው ዝርዝር ሁሉ፣ የመሬቱ፣ የማዳበሪያው፣ የጤና መድኅኑ፣ ዛሬም በስም ነው ያለው። አዲሱን ቁጥር ከድሮው ስም ጋር ማጋባት የግድ ነው። ያኔ የስሙ ጣጣ፣ 2,592ቱም፣ ሁለቱ ኩርሙኮችም፣ ጥር 1 የተወለደውም ተመልሰው ይመጣሉ።

እንግዲህ ምን ይሁን? ከባድ ነገር አይደለም የምለው። አንደኛ፣ አይደምሰስ። ሁለት መስመር አንድ ነው ከተባለ ይያያዝ፤ የመጀመሪያው ጽሑፍ ግን ይቀመጥ፤ ነገ መፍታት ይቻል ዘንድ። ሁለተኛ፣ ፕሮግራሙ ማንን ከማን ጋር፣ በምን ምክንያት እንዳገናኘ ይጻፍ፤ ቁጥሩን ብቻ አይንገረን። ሦስተኛ፣ የእናት ስም ይጠየቅ። ወንዱን ብቻ ቆጥረን ነው እንዲህ የተምታታብን፤ ሁለቱ መሐመዶች በእናታቸው ስም ያለጣት አሻራ በተለዩ ነበር። አራተኛ፣ አጠራጣሪዋ ክምር ትመለስ። ዝርዝሩ ቀበሌ ወርዶ ይነበብ፤ ወረፋው ላይ እንደቆመው ጎልማሳ ሁለቱንም የሚያውቅ አይጠፋም። አንድ ሰው ከዝርዝር ከመውጣቱ በፊት ተጠርቶ ይጠየቅ።

ይህ ጊዜ ይፈጃል የሚል አለ። ይፈጃል። ግን ጊዜው ከአንዱ ኪስ መውጣቱ አይቀርም፤ ወይ ከቢሮው፣ ወይ ከአዛውንቱ። እስከ ዛሬ የከፈሉት አዛውንቱ ናቸው።

በነገራችን ላይ ያን ሳምንት አሶሳ አልቆየሁም፤ አዛውንቱ ማዳበሪያቸውን ያግኙ አያግኙ አላየሁም። አዲስ አበባ ተመልሼ ታክሲ ስይዝ ረዳቱ «ሸጎሌ! ሸጎሌ!» ይላል። «ሸጎሌ ማን እንደሆኑ ታውቃለህ?» አልኩት። «ማን ናቸው ደግሞ? ሰፈር ነው እንጂ!» አለኝ። አልፈረድኩበትም። የመዘገበለት የለም።